የአባባ ኮክ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የብሮክን ሂል ሙቀትና አቧራስ ፋታ ሰጠሽ? እኔና ክላይቭ ትናንት ፐርዝ፣ ልጃችን ቤት ገባን። ደኅና ነን ልበል እንጂ እኔስ ከአደሌድ የምናዘዝልሽ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

ለወንድሜ ለደንካን ብለሽ ከአባባ ዛፍ ለቅመሽ በፎጣሽ የጠቀለልሽው ኮክ አልደረሰም። ተባይ እንዳይዛመት ተብሎ ፍራፍሬ የደቡብ አውስትራሊያን ግዛት ጠረፍ እንደማያልፍ ከልጅነታችን እናውቃለን፤ አንቺንም እኔንም ደስታ አስረሳን። የባቡሩ አስተናጋጅ፣ ፍራፍሬ የያዘ ከጠረፉ በፊት ይብላ ወይም ይጣል እያለች አለፈች። ክላይቭ ከምንጥለው በሆዳችን እንሸኘው አለ። እጃችን እስከ ክርን እስኪርስ በላነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ እማዬ፣ ጣፈጠኝ።

ደንካን በሚኖርባት በአደሌድ ባቡሩ እስኪነሳ ግማሽ ቀን ነበረን። ለአባባ ቀብር ሳይመጣ በመቅረቱ ደጄን አይርገጥ ካልሽው ወዲህ የላክሽለት የመጀመሪያ ነገር ነበርና፣ ባዶ እጄን መሄድ አቃተኝ። ገበያ ገብቼ ኮክ ገዛሁ፤ በፎጣሽ ጠቅልዬ፣ እማዬ በእጇ ለቅማልህ ነው አልኩት። ክላይቭ ጫማውን ጫማውን ያያል።

ደንካን ሸብቷል። ፎጣውን ሲያይ አወቀው። ሁለት ኮክ ከነልጣጩ በላ። ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዘኝ።

«ግሌኒስ፣ የአባባ ኮክ ውስጡ ነጭ ነበር፤ ይሄ ቢጫ ነው። ደግሞ ጠረፉን ኮክ እንደማያልፍ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንቺ ድሮም ውሸት አይሆንልሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ እማዬ እውነት ልካልኝ ነበር?»

በአባባ ስም ማልኩለት።

«እንግዲያው በላልሽ በያት» አለኝ።

እኔን ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ለእሱ ግን ደውይለት። እስኪደውልልሽ አትጠብቂ፤ በግትርነት ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።

አጎቴን ሜርቭን ሳሚልኝ፣ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ፐርኪንስ ሰላም በይልኝ፣ ያንን ሽማግሌ ውሻሽንም ዳብሺልኝ። ክላይቭ ይቅርታሽን ይለምናል። ፎጣሽን ግን አትጠብቂው። ደንካን አልመልስም ብሎ፣ አንገቱ ላይ እንደጣለው ነው እስከ ባቡሩ የሸኘን።

ልጅሽ ግሌኒስ
ፐርዝ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014