የተሰረዙት አስራ አንድ መጻሕፍት

ውድ ታናሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለእማዬ መንገር የሚገባኝን ነገር አስቀድሜ ለአንቺ ልናገር ብዬ ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር በሆዴ ይዤዋለሁ። እማዬ አንድ ጥያቄ አላት። እየቆየች ትጠይቀኛለች፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እዋሻታለሁ። ጥያቄው ምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ አታቻኩዪኝ፣ ድሮም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም።

የተቀመጥኩት አንቺ ክፍል ውስጥ፣ አልጋሽ ጫፍ ላይ ነው። ጠረጴዛሽን እንኳ አልደፈርኩትም፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። አንቺም እዚሁ ነሽ። ሞኝ አትበይኝ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር ከመስኮቱ በኩል መጽሐፍ ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ፣ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ፣ አንገትሽን ወደ ግራ ጣል አድርገሽ አይሻለሁ። ገጹን አትገልጪውም። መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር፤ አሁን የምደነግጠው ሳላይሽ የዋልኩ ቀን ነው።

ነገሩ የጀመረው በእኔ ግብ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ «እያንዳንዳችን አርባ መጽሐፍ እናነባለን» ብዬ አወጅኩ። አንቺ «ሃያ ይበቃል» አልሽ፤ እኔ «አርባ» አልኩ፣ አርባ ሆነ። ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ቁም ሳጥንሽ በር ላይ ለጠፍኩት። ያነበብነውን ቅዳሜ ቅዳሜ እንተራረካለን፣ ሌላዋ ትጠይቃለች፣ መልሱ ካረካት ምልክት ይደረግበታል። እማዬ «ይህ ቤት ነው ወይስ የፈተና ድርጅት?» ብላ ስቃብን ነበር። እውነቷን ነው፤ ጠያቂዋ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ ነዋ! ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ታውቂያለሽ፣ እኛ ጋ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። አንዷ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ሊታተም የተዘጋጀውን በዓይኗ ትከተላለች። ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን ሁሉ በቃል እየጠራን። አንቺ ለዚህ ነው «ወይዘሮ አራት ነጥብ» ያልሽኝ። አለቃችን ደግሞ አልፎ አልፎ ሆን ብሎ ስህተት ይከትበትና ነቅተን መሆን አለመሆናችንን ይፈትነናል። «ወጥመድ» እንለዋለን። እኔ አንድም ቀን ተይዤ አላውቅም ነበር። በዚህ የምኮራውን ያህል በሌላ ነገር ኮርቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ክረምቱ መግቢያ ላይ ዘፈኖቹ መጡ። የኮሪያ፣ የጃፓን፣ አንዳንዴም የታይላንድ። ጆሮሽ ላይ የሰካሽውን ነገር ለመታጠብ ካልሆነ አታወልቂውም። አንድ ቀን እራት ላይ አንዱን ነቅዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ልጃገረዶች ተቀባብለው ይዘፍናሉ።

«ምንድነው የሚሉት?» አልኩሽ።

«እኔ እንጃ።»

«እና የማይገባሽን ነገር ቀኑን ሙሉ ትሰሚያለሽ?»

«እትዬ፣ አንቺስ የሚገባሽን ስትሰሚ ውለሽ ተኮሳትረሽ አይደል እንዴ የምትመጪው?»

እማዬ የጎረሰችው ትን እስኪላት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ወረት ነው፣ ያልፋል» አልኩ በሆዴ። አላለፈም። ቅዳሜ ላይ የምትተርኪው ግን እያጠረ ሄደ። የሰው ስም ትረሺያለሽ፣ መጨረሻውን ከመሀሉ ታምታቺያለሽ። እኔም ደሜ እየፈላ ምልክት አደርግልሽ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ጠበቅሽኝ። ቀይ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ ይዘሻል። «እትዬ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብቢልኝ። አንቺ ስታነቢ ደስ ይላል» አልሽኝ። ምን አልኩሽ? «ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳነብ ውዬ ጉሮሮዬ ደርቋል። ደግሞ ግብ ማለት ራስሽ ያነበብሽው ነው።» አንቺ «እሺ» አልሽ። መጽሐፉን ደረትሽ ላይ እንደያዝሽ ግድግዳውን በእጅሽ እየዳበስሽ ወደ ክፍልሽ ሄድሽ። ግድግዳውን ስትዳብሺ አይቻለሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር ልበልሽ? እሱስ እውነት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጥመድ ዘረጋሁብሽ። «ያቺ ሴትዮ የባሏን ኮት አቅፋ ባቡር ጣቢያው ላይ የምትቀርበት ቦታ ጋ ምን ተሰማሽ?» አልኩሽ። እንዲህ ያለ ቦታ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ባቡርም የለም። እዚያው ቁጭ ባልኩበት የፈጠርኩት ነው።

«እዚያ ጋ እማ አለቀስኩ» አልሽ።

የሳቅኩትን ሳቅ ታስታውሺዋለሽ። እኔ እንኳ ሳስታውሰው ዓይኔን እጨፍናለሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያልኩ ቀይ እስክርቢቶዬን አውጥቼ፣ ዝርዝሩ ላይ ከሰኔ ወዲህ ምልክት ያደረግኩልሽን አስራ አንድ መጻሕፍት አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። በእማዬ ፊት «ውሸታም» አልኩሽ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ትራስ ትወረውሪብኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱ ወዳለበት ዞረሽ «ስንት ሰረዝሽ?» ብቻ አልሽ። «አስራ አንድ» አልኩ። «ብዙ ነው» አልሽና ማዳመጫሽን ሰካሽ። ከዚያ ቀን በኋላ አኮረፍን፤ ይልቅ እኔ አኮረፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ሆን ብዬ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ከሰረዝኩት በአርባኛው ቀን ከምትሠሪበት ሆቴል ደወሉልን። ከስልክ መቀበያው ወንበር ላይ ወድቀሽ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ዓይንሽን አልገለጥሽም፤ ከዚያ ወዲያም አልገለጥሽውም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ እማዬንና እኔን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠን። ገና ወጣት ነው፣ ድካም ያናውዘዋል። «ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው እጢ የዓይኗን ነርቭ ከተጫነው ወራት አልፎታል» አለ። «ማየት የተሳናት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እኔ «ማየት አልተሳናትም፣ ሥራ ትሄድ ነበር» አልኩ።

«ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት...» አለና አልጨረሰውም። ነርሷ ጠርታው ሄደ። ያን ሳይጨርስ የሄደውን ዓረፍተ ነገር በየዕለቱ እሰማዋለሁ። የማርመው አይደለም፤ አራት ነጥብ የለውም።

እማዬ ያን ቀን ነው ጥያቄዋን የጠየቀችኝ። ወደ እኔ ዞራ «የሰው ስህተት ለቅመሽ የምታድሪ ልጅ፣ የእህትሽ ዓይን ሲጠፋ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?» አለችኝ። «አላየሁም፣ እማዬ» አልኳት።

በማግስቱ አረፍሽ።

በአስራ አምስተኛው ቀን አብራሽ የምትሠራው፣ ቁመቷ ከጠረጴዛው እምብዛም ስለማያልፍ «ረጅሟ» ያልሻት ልጅ ስልክሽን ይዛልን መጣች። እዚሁ ክፍል አስገባኋት። ዝርዝሩን በሩ ላይ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች።

«እነዚህን ማነው የሰረዛቸው?»

«እኔ ነኝ። አላነበበቻቸውም።»

«ሰምታቸዋለች እኮ!» አለች። «እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ስልኩ ፋታ ሲሰጠን አነባለሁ፣ ሲጠራ አቆማለሁ። እውነቴን ነው፣ ሥራ ሲበዛ ገጽ እዘልባት ነበር። የክፍሎቹን የስልክ ቁጥር በቃሏ ነው የምታውቀው፣ ጣቷ ቁልፉን ያውቀዋል፣ መንገዱንም ክንዴን ይዛ ነበር የምትሄደው፣ ከእኔ በቀር ማንም አልነቃባት። ‘ለእህትሽ ንገሪያት’ እላት ነበር። ‘ግቧን ልጨርስላትና እነግራታለሁ፣ አርባ ካልሞላ ታዝንብኛለች’ ትለኛለች።»

ባቡር ጣቢያው ላይ ለምን እንዳለቀስሽ ያኔ ገባኝ። ረጅሟ ከዘለለችው ገጽ ውስጥ ያለ መስሎሽ ነው። እሷ እንዳትታማ፣ እኔም እንዳላዝን፣ ያልነበረ ቦታ ላይ አለቀስሽ።

ስለ ዘፈኖቹም ነገረችኝ። ጉሮሮዋ ሲደክም አንዱን ማዳመጫ አንቺ፣ ሌላውን እሷ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ትሰሙ ነበር። «ትርጉሙን ከስልኬ ላይ ፈልጌ ላንብብልሽ ስላት እምቢ አለች» አለችኝ። «‘ተይው፣ ይሄን እህቴም ማንበብ አትችልም፤ እዚህ ላይ እኩል ነን’ ብላ ሳቀች።»

ረጅሟን በወጉ እንኳ አልሸኘኋትም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ግብ አለኝ። ቀሪዎቹን አስራ ሰባት መጻሕፍትሽን እያነበብኩልሽ ነው፣ ጮክ ብዬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ። አስራ አራት ጨርሻለሁ። በየምዕራፉ መሀል ከስልክሽ አንድ ዘፈን እሰማለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን የማንኛዋ ልጅ ድምፅ እንደሆነ እለያለሁ፣ የትኛዋ ስትዘፍን እንደምትፈራ ጭምር። ቀስ ያለ አንድ ዘፈን አለ፤ አዝማቹ ሊገባ ሲል አንዷ ትንፋሿን ትስባለች። በሰማሁት ቁጥር አንቺ ልትናገሪ መስሎኝ ንባቤን አቆማለሁ። አትናገሪም። ሥራ ቦታም ሳነብ የምትከተለኝ ባልደረባዬ ትጠፋኝና አንቺ ትመጫለሽ። ባለፈው ሳምንት የአለቃችን ወጥመድ ያዘኝ፣ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ። ባልደረባዬ «ምነው፣ አሞሻል?» አለችኝ። እንቅልፍ ነው አልኳት።

እማዬም ተለክፋለች። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ አንቺ ከሥራ የምትገቢበት ሰዓት፣ ያን ቀስ ያለውን ዘፈን ሳሎን ውስጥ ትከፍተዋለች። ዕቃ ስታጥብ የራሷን ቃል እየሰካች ታንጎራጉረዋለች። ብትሰሚያት በሳቅ ትፈርሺ ነበር። ከዚያ ዘፈኑ ያልቅና እጇን ሳትጠርግ ትቆማለች፤ ጥያቄዋ የሚመጣው ያኔ ነው። «እውነት አላየሽም?» «አላየሁም፣ እማዬ።» ስንት ጊዜ እንዳልኩት መቁጠር ትቻለሁ።

አሁን የዘለልኩትን ልንገርሽ።

መጻሕፍቱን የሰረዝኩ ቀን ቁጣዬ ሲበርድ ትንሽ ጸጸተኝ። ይቅርታ ማለቱ ግን ሞት መሰለኝ። በዚያው ቀይ እስክርቢቶ፣ በትልልቅ ፊደል «ይቅርታ ጠይቂኝና ሁሉንም እመልስልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ትራስሽ ላይ አስቀመጥኩት። ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል፤ እማዬ ያለ መነጽሯ ታነበው ነበር። ጠዋት በጥንቃቄ አጥፈሽ ይዘሽልኝ መጣሽ።

«እትዬ፣ የሥራ ወረቀትሽን ትራሴ ላይ ረስተሻል» አልሽኝ።

አየሁሽ። የምታዪው እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ አለፍ ያለ ቦታን ነበር። ያኔ ገባኝ፣ ታናሼ። ግድግዳው፣ ሐሙስ ዕለት ያልሽኝ፣ ዝርዝሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። በእጄ ክንድሽን ይዤ «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። ግን ዓይንሽ ካላየ ውሸታም አይደለሽም፤ አንቺ ውሸታም ካልሆንሽ ደግሞ እኔ ምን ነበርኩ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «አዎ፣ ረስቼው ነው» ብዬ ተቀበልኩሽ። ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ። ነገው ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በየቀኑ አይሽ ነበር፣ በየቀኑ ነገ እል ነበር።

ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ያለው ሐኪም ስለ እማዬ አልነበረም የሚያወራው። ትድኚ ነበር ወይ? አላውቅም፤ እሱም አልነገረን። ይህን ሳላውቅ መኖር ነው የተፈረደብኝ፣ ይገባኛልም።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልለምንሽም፤ አንዴ በወረቀት አንቺን ይቅርታ ጠይቂኝ ብዬሻለሁና አፌ እምቢ ይለኛል። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው። እማዬ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ራሷንም ነው የምትጠይቀው፤ «እኔስ እናት ሆኜ እንዴት አላየሁም» እያለች ነው በቁሟ የምታልቀው። አላየሁም ባልኳት ቁጥር ሸክሙን ከእኔ አንስቼ እሷ ላይ ጭኜባታለሁ። ምናልባት ከነገርኳት በኋላ ዓይኔን ማየት ትጠላ ይሆናል። ትጥላው።

ሳሎን ውስጥ ዘፈኑን ከፍታዋለች። አዝማቹ ሁለተኛውን ዙር ይዟል። ልጅቷ ትንፋሿን ስባለች፤ አንቺም ከመስኮቱ በኩል ቀና ብለሻል። አሁን አለቀ። የእማዬ እግር ወደዚህ ሲመጣ ይሰማኛል፤ በሩን ሳታንኳኳ ልክፈትላት።

«አይቻለሁ፣ እማዬ» ነው የምላት።

እህትሽ