ተራ መጠበቂያው ውስጥ የሰማሁት ዜማ

ግንቦት 4

ዛሬም ምንም። ጊታሩ ጭኔ ላይ፣ እኔ ጊታሩ ላይ፣ ሁለታችንም ዝም። ለትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ ራሳችን የፈጠርነውን ዜማ እንድናመጣ ታዘናል። ያለ ግጥም። የሚመረጠው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። እኔ ካልሆንኩ... እሺ፣ አልሞትም። ታምሜ ግን እተኛለሁ።

ሐሳብ ይመጣልኝ እንደሆነ ብዬ ለስላሳ የመሣሪያ ሙዚቃ ከስልኬ እየፈለግሁ ሳዳምጥ ዋልኩ። አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ በትዕግሥት ሲሰማ ቆየና፣

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«ዘፋኝ የለውም፣ አባዬ።»

«አርፍዶ ነው?»

ከዚህ ቤት ሙዚቀኛ እንዴት ነው የሚወጣው?

ግንቦት 7

አገኘሁ! ሙዚቃውን ማለቴ ነው፣ ሐሳቡን አይደለም። ለካ ምርጡ ያለው ከቤታችን ሥር ነው። አክስቴ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ክሊኒኳ ምድር ቤት፣ እኛ ፎቁ ላይ። በሽተኛ ፈርቶ እንዳይሸሽባት ተራ መጠበቂያው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጊታር ታሰማለች። «ክላሲካል» ነው የምትለው። ቃል የሌለው ሁሉ ለእሷ ክላሲካል ነው። የፍሪጁ ማጉረምረም ሳይቀር።

ጉንጬን ይዤ ከበሽተኞቹ መሃል ተቀመጥኩ። አክስቴ በበሩ ብቅ አለች።

«አንቺ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ፈጠራዬን።»

«እሱን አልነቅልም። ውጪ!»

አልወጣሁም።

ግንቦት 13

መጣልኝ! ጣቶቼ ራሳቸው ሄዱ። ሥራ ፈትቶ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሄድ ዜማ። ከእንግዲህ ክሊኒክ የለ፣ ስልክ የለ። በሬን ዘግቼ እሱን ብቻ። የኔ ነው። የኔ!

ግንቦት 24

ቆጣሪው ፊት ተጫወትኩ። የሙዚቃ መምህራችን ነው፤ መንገድ ሲሄድ እንኳ ከንፈሩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላል። ጨርሼ ቀና ስል ግንባሩ ተጨማዷል።

«ይህን ሰምቼዋለሁ።»

«የት፣ ቲቸር?»

«አላስታውስም። ቆንጆ ነው። ግን የሰው ዜማ አላቀርብም። ከየት እንዳመጣሽው እስከ አርብ ንገሪኝ።»

ከየት አመጣሁት? ከጣቴ ነው እንዳልል፣ ጣቴስ ከየት አመጣው? ስንት ሙዚቃ ነው የሰማሁት! አንዱ ሾልኮ ገብቶ ቢሆንስ? አሁን የማዳምጠው ሁሉ የኔን ይመስለኛል። የአባዬ ስልክ ጥሪ ሳይቀር።

ግንቦት 25

አለቀልኝ። ክሊኒኩ ወርጄ ገና ከመቀመጤ... ዜማዬ። ከስፒከሩ። በጊታር! የአክስቴ መሰርሰሪያ እየጮኸ ቢሸፍነውም ራሱ ነው። ሮጬ ወጣሁ። ሌባ ነኝ ማለት ነው? ሳያውቅ የሰረቀ ሰው ሌባ ይባላል? ሳላውቅ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔስ አምናለሁ?

ደግሞ የሚገርመው፣ የሚጫወተው ሰው መሃል ላይ ይሳሳታል። ልክ እኔ የምሳሳትበት ቦታ። ስህተቱንም ሰርቄያለሁ እንዴ?!

ግንቦት 26

የባለቤቱን ስም ይዤ ቆጣሪው ፊት ልናዘዝ ብዬ አክስቴ ጋ ሄድኩ።

«ትናንት ያሰማሽው የማን ነው?»

«የቱ?»

አንጎራጎርኩላት። ጓንቷን ማውለቅ ትታ አፍጥጣ አየችኝ።

«ትቀልጃለሽ? አንቺው ነሽ እኮ!»

ስለማመድ በሽተኞቿ ከታች እየሰሙ ጸጥ ይሉላታል። ከክፍሌ በር ሥር ስልኳን አስቀምጣ ቀድታኛለች! «ብነግርሽ ትጠነቀቂያለሽ፣ ከዚያ አይጥምም» አለች። አሰማችኝ። መጨረሻው ላይ አባዬ «ይህን መብራት ማነው አብርቶ የሄደው?» እያለ ይጮሃል። በሽተኛው ይህንንም ክላሲካል ብሎ ሰምቶታል።

ቆጣሪውስ? ባለፈው ሳምንት መንጋጋ ጥርሱን ያስሞላው እዚሁ ነው። ለካ የደነዘዘው አፉ ብቻ አልነበረም።

መደሰት ነበረብኝ። ግን... ራሴን ሰምቼ አላወቅሁትም። ሰው እንዴት የራሱ ይጠፋዋል?

ግንቦት 29

ቆጣሪው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወለሉን እያየ። ተመረጥኩ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ዛሬ ግን ተራ መጠበቂያው ውስጥ ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ ከስፒከሩ ጋር ዜማዬን ያንጎራጉራል። የኔ ዜማ የሚወርድበት ቦታ ሲደርስ የሱ ወደ ላይ ወጣ። ስቶ ነው። ወይም ጥርሱ ጠዝጥዞት ነው። ግን አቤት ሲያምር! ሮጬ ወጥቼ ሞከርኩት። ከኔ ይሻላል። ተናደድኩ። ደግሜ ሞከርኩት። አሁንም ይሻላል።

ሰኔ 2

ትናንት አዲሱን ለቆጣሪው ተጫወትኩለት። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።

«እዚህ ጋ ወደ ላይ የሚወጣው የኔ አይደለም።»

«ደግሞ የማን ሆነ?»

«ጥርሱን የታመመ የአንድ ሰውዬ።»

ከአራት አልፎ ቆጠረ። «እንግዲያው ለፕሮግራሙ ስሙን አምጪ» አለኝ።

አክስቴ የበሽተኛ ስም አይነገርም ብላ ድርቅ አለች። ዛሬ ግን ሰውዬው ለቀጠሮው ሲገባ አየሁትና እስኪወጣ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ጋሼ፣ ዜማዬን አሳመሩልኝ። ስምዎን ማን ልበል?»

አፉን ጥጥ ሞልቶታል። «እምምም» አለኝ፣ እጁን አውለበለበልኝና ሄደ።

ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ቀጥሎ «እና እምምም» አስጻፍኩ። ቆጣሪው ፊቱን አዙሮ ሳቀ፣ አይቼዋለሁ። አሁን ዜማው የማን ነው? እንጃ... እዚያ ቦታ ስደርስ ግን ጣቴ ወደ ላይ ይወጣል።