የአቶ ቀለሙ ይመር የሕይወት ታሪክና የባትሪው መንገድ

ነፍሰ ኄር አቶ ቀለሙ ይመር በሕይወት ዘመናቸው በእግራቸው ይሄዱ እንደ ነበር፣ ለቀብራቸው ለተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። በቅሎ አልነበራቸውም። መኪና ላይ የወጡባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነዚያም በሁለቱ ቀን መንገድ ላይ ወርደዋል። ምክንያቱ በቦታው ይነገራል።

አቶ ቀለሙ ከአባታቸው ከአቶ ይመር እንድሪስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ወልዴ፣ በ1889 ዓ.ም. ከገራዶ በላይ ባለችው በዚህችው መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ክርስቲያን ነበሩ። በልጅነታቸው የአንዱ ወገን ጾም ሲገባ ወደ ሌላው ወገን እየሄዱ ይበሉ ነበር የሚባለው ሐሰት ነው። ሁለቱም ወገን ያያቸው ስለ ነበር ሁለቱንም ይጾሙ ነበር። ኋላ በእናታቸው ሃይማኖት ጸኑ፤ ከአባታቸው ዘመዶች በዓል ግን አንድም ቀን አልጎደሉም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እናታቸው ቄስ ዘንድ አስገቧቸው። ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ዳዊት ሊጨርሱ አሥር መዝሙር ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻ ተመለሱ። «አሥሩን አንድ ቀን አደርሳቸዋለሁ» ይሉ ነበር። ይህንን ያሉት እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ነው።

በ1912 ዓ.ም. ከወይዘሮ አረጋሽ ተሰማ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ፀሐይነሽንና ገበያነሽን ወልደዋል። ትዳራቸው የሰመረ ነበር። ወይዘሮ አረጋሽ ስለ ባላቸው ሲጠየቁ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጀርባውን አውቀዋለሁ፤ ፊቱን ግን ለዓመት በዓል ነው የማየው» ይላሉ። መንገደኛ ነበሩ ለማለት ነው።

በ1934 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንዲት የሚስዮን ነርስ ይሠሩበት በነበረ አነስተኛ የሕክምና ቤት በዘበኝነት ተቀጠሩ። ነርሷ በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ራዲዮና አንድ የመኪና ባትሪ ሰጧቸው። አማርኛቸው አጭር ስለ ነበር ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፤ «ቀለሙ፣ ብቻህን አትስማ» አሏቸው።

አቶ ቀለሙ ብቻቸውን አልሰሙም።

በዚያን ጊዜ እሑድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ከአዲስ አበባ የወንጌል ንባብና አጭር ስብከት በራዲዮ ይመጣ ነበር። አቶ ቀለሙ ራዲዮውን ከደጃቸው ወይራ ሥር በበርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ ሽቦውን ወደ ዛፉ ይሰቅሉታል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆማሉ። ስለ አድማጮቹ ግን እውነቱን መጻፍ ስላለብን፣ አድማጭ አልነበረም። የመጣው ሰው ሁሉ የሚመጣው በሌላ ጉዳይ ነበር።

መምሬ በላቸው የመጡት ለጥበቃ ነው። ዕቃው ከሚስዮን የመጣ ስለሆነ፣ ከሃይማኖት የወጣ ቃል ቢናገር ወዲያው እንዲያዝ ብለው ነው። ጥበቃ ከሩቅ ስለማይሆን ጆሯቸውን ከሳጥኑ አንድ ክንድ ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ጭቃ ሹሙ አቶ ስማቸው ደግሞ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሥርዓት ለማስከበር ይገኛሉ፤ በመጀመሪያው እሑድ ሕዝቡ እሳቸውን ጨምሮ አምስት ነበር። ወይዘሮ ሐዋ ፍየሎቻቸውን ለማሰማራት ይመጣሉ። በዚያ ወይራ ሥር ሣር በቅሎ አያውቅም።

ሼህ ሙሄዲን የሚመጡት ለጥላው ነው። ጀርባቸውን ለራዲዮው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሰባኪው «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብሎ ሲጀምር ግን፣ ሳይዞሩ «ወአለይኩም ሰላም» ይላሉ። መምሬ በላቸው አንድ ቀን፣ «ሼህ ሙሄዲን፣ ያዳምጣሉ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፤ ማዳመጥ ግን አይደለም። እርስዎ ይጠብቁ» ብለው መልሰዋል።

በ1937 ዓ.ም. ተስቦ ገብቶ መንደሩ በየቤቱ ተኛ። አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ሰው መሰብሰብ ሲቀር አቶ ቀለሙ ራዲዮውንና ባትሪውን በተዋሱት አህያ ጭነው፣ ወይዘሮ አረጋሽ ሽቦውን ከፍ አድርገው ከኋላ እየተከተሉ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ከደጅ ወደ ደጅ ያዞሩት ጀመር። ለአንዱ ቤት መጀመሪያው፣ ለአንዱ መካከሉ፣ ለአንዱ መጨረሻው ይደርሳል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከታች ይጀምራሉ። ወይዘሮ ሐዋ ሁለት ልጆቻቸውን አጥተው ከሦስተኛው ጋር ተኝተው ሳሉ፣ ከደጃቸው የደረሰው «አይዟችሁ፣ አልተተዋችሁም» የሚለው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አህያው ሄደ። ሦስተኛው ልጅ ዳነ። በሽታው ሲያልፍ ሰዎቹ ወይራው ሥር ተገናኝተው ያን ማንም ያላዳመጠውን ስብከት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጣጠሙት። አንድ ቃል አልጎደለም።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። ባትሪው ክብደቱ የአንድ ደኅና በግ ያህል ነው፤ በግ ግን ግማሹን መንገድ በራሱ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት አንዴ ያልቃል። የሚሞላልን ሰው ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ ጀላል ብቻ ነበር። ስለዚህ አቶ ቀለሙ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ይወርዳሉ፤ ባትሪውን ሰጥተው ይመለሳሉ፤ አርብ እንደገና ይወርዳሉ፤ ቅዳሜ ተሸክመው የደሴን ዳገት ይወጣሉ። መኪና ለምን አይሳፈሩም ለምትሉ፣ ሁለት ጊዜ ተሳፍረው አሲዱ የነጋዴ አቡጀዲ አቃጠለ። ሾፌሩ «አባባ ይቀመጡ፣ ባትሪው ይውረድ» አላቸው። «እኛ አንለያይም» ብለው ወረዱ።

በ1938 ዓ.ም. ደረታቸውን ሲያማቸው ደሴ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟልና ሸክም ይዘው ዳገት እንዳይወጡ፣ ከወጡም እሱን እንዳይወቅሱት ነገራቸው። በዚያው እሑድ አቶ ቀለሙ በሕይወታቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ለመኑ። ስብከቱ ሲያልቅ፣ «ወገኖቼ፣ ባትሪውን በተራ ብንሸከመው ምን ይመስላችኋል?» አሉ።

ሼህ ሙሄዲን ጀርባቸውን እንደ ሰጡ፣ «ወላሂ ቀለሙ፣ ለአንተ ብዬ ተራራ እሸከማለሁ። የማልሰማውን ነገር ግን እንዴት ብዬ ልሸከም?» አሉ። መምሬ በላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ከተሸከምኩት ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉ። ጭቃ ሹም ከበላይ ያልታዘዙትን እንደማይሸከሙ ገለጹ። ወይዘሮ ሐዋም፣ «አያ ቀለሙ፣ እኔ የመጣሁት ለፍየሎቹ ነው» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

አቶ ቀለሙ «እውነታችሁን ነው» ብለው ሽቦውን ጠቀለሉ። ከወር በኋላም አንድ ደግ ሾፌር እንዳገኙ፣ እሱም ከነባትሪው ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ እንደሚያደርሳቸው ለሁሉም ነገሩ። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» አለ። ሾፌሩን ያየው የለም። ስሙን የጠየቀም የለም። የአቶ ቀለሙ ጋቢ ትከሻ ላይ አሲድ የበላው ቀዳዳ በየሁለት ሳምንቱ እየሰፋ ወንፊት ሲመስል፣ ስለ ጋቢውም የጠየቀ የለም። እኛም ቤተሰቦቻቸው አልጠየቅንም፤ ወይዘሮ አረጋሽ ብቻ ይጥፉት ነበር።

ባለፈው ረቡዕ፣ ጥር 21 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ ባትሪውን ለጀላል ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ደከሙ። ደሴ አድረው ሐሙስ ረፋድ ላይ በሰው ተደግፈው ቤታቸው ገቡ። ከላይ የተጠቀሱት አራቱ ሰዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ተቀመጡ። አቶ ቀለሙ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ባትሪው ኮምቦልቻ ነው» አሉ። ለማን እንዳሉ አልታወቀም። አራቱም ወደ መሬት አዩ። በዚያው ቀን በአሥር ሰዓት፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ቀለሙ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና በሁለቱም ሃይማኖት ቁጥራቸው የበዛ ዘመዶችን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ፀሐይነሽ ከደጋን እስክትደርስ ቀብሩ ለዛሬ ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የቀሯቸውን አሥር መዝሙር መምሬ በላቸው በመቃብሩ ላይ ያደርሱላቸዋል፤ ዳዊታቸው ዛሬ ያልቃል። እግራቸውን ሳያሳርፉ የኖሩትን አምላክ ዳገት በሌለበት ያሳርፋቸው፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። አሜን።

ይህ ታሪክ ትናንት አርብ ማታ እዚህ ላይ ተጽፎ አልቆ ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ የሆነውን ለመጨመር ተገደናል።

ትናንት ለቅሶ ቤቱ ሰው ጎድሎት ዋለ። ሼህ ሙሄዲን የሉም። መምሬ በላቸው ሬሳው ላይ ዳዊት ሊደግሙ ሲጠበቁ ጠፉ። ጭቃ ሹምና ወይዘሮ ሐዋም አልታዩም። ወይዘሮ አረጋሽ እንባቸውን አቁመው፣ «ሲኖርም ብቻውን፣ ሲሞትም ብቻውን» ብለው ነበር። ቤተሰቡም ተቀይሞ ነበር፤ አንደብቅም።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አራቱ በዳገቱ ብቅ አሉ። ባትሪው በአጣና ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊት መምሬ በላቸው፣ ከኋላ ሼህ ሙሄዲን ይዘውታል፤ ጭቃ ሹምና ወይዘሮ ሐዋ ተራቸውን ጨርሰው ትከሻቸውን እያሹ ይከተላሉ። ለቀብር አብሯቸው የመጣው መካኒክ ጀላል የነገረን እንዲህ ነው። ትናንት ከቀትር ጀምሮ አንድ በአንድ ጋራዡ ደጅ መጡ። ሼሁ ጨው ልገዛ ስወርድ በዚህ አለፍኩ አሉ። መምሬ ጧፍ ፍለጋ በዚህ አለፍኩ አሉ። ጭቃ ሹም ለመንግሥት ጉዳይ፣ ወይዘሮ ሐዋ ቅቤ ለመሸጥ በዚህ አለፉ። ጀላል እንደሚለው ጋራዡ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ በዚያ የሚታለፍበት የለም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ጭቃ ሹም አጣናውን ፈልገው አመጡ።

ባትሪውን ወይራው ሥር፣ ከራዲዮው አጠገብ አወረዱት። ወይዘሮ አረጋሽ ተነሥተው እጃቸውን አዩ። ጨው የለም፤ ጧፍ የለም፤ ወይዘሮ ሐዋም የቅቤ ቅል አልነበራቸውም። «ሼህ ሙሄዲን፣ ጨውስ?» አሉ።

ሼህ ሙሄዲን አሲድ የነካውን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተቀመጡባት ድንጋይ ላይ፣ ገደሉን ወደ ኋላቸው ትተው፣ ፊታቸውን ወደ ራዲዮው አዙረው ተቀመጡ። ራዲዮው አልተከፈተም ነበር።