ፔቲን አላስገባም ያሉት የዋልተር ዱዴክ የሕይወት ታሪክ

ዋልተር ሌሽ ዱዴክ ከአባታቸው ከስታኒስላቭ ዱዴክና ከእናታቸው ከሄለና ማዙር እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1946 በኦሃዮ፣ በቶሊዶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመስታወት ፋብሪካ እቶን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ እናታቸው የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ወጥ ቤት ይመሩ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተከታተሉ። እዚያም በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ተጫውተዋል፤ ቦታቸው ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውን መሪ፣ ፊቱ ቆመው ከጥቃት ከሚጠብቁት አምስት ሰዎች መካከል ነበር። ጉልበታቸው ባይሰበር የት በደረሱ የሚሉ ነበሩ። እሳቸው ግን ጎበዝ ተጫዋች እንዳልነበሩ ሳያፍሩ ይናገሩ ነበር።

በ1968 በታሪክ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው አሥራ አንድ ዓመት አስተማሩ። በ1971 ከወይዘሮ ኮንስታንስ ብራንት ጋር ተጋብተው ፖሊንንና ሪታን ወለዱ። በ1979 ብርጭቆ ሠሪዎች በሚባለው የከተማቸው ፕሮፌሽናል የፉትቦል ቡድን በተጫዋች መልማይነት ተቀጠሩ፤ በ1996 የምልመላው ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ጋዜጦች በዚህ ሳምንት የጻፉት ስለ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህም ይጻፋል፤ ግን እንደነበረው ይጻፋል።

በ1998 ቡድኑ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። በሚያዝያ ዋልተር የሃያ አንድ ዓመቱን ኳርተርባክ ጄሮም ፔቲን ከሚሲሲፒ አመጡ። ነገር ግን ፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ሰዎች ገና አልተገኙም ነበር። እነሱ እስኪገኙ ድረስ ቦታውን ይዞ የሚያቆይ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ሚስተር ሃርላን ስትራውስ ስሙ ስታዲየም የሚሞላ ሰው ፈለጉ። ዋልተር ግን የእጩዎቹን የውርወራ ፊልም ትተው፣ እጩዎቹ ሳይጫወቱ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው የዋሉበትን ፊልም ከየከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ አሰባሰቡ። አሥራ አንድ ካርቶን ሙሉ ነበር። የሠላሳ አምስት ዓመቱን ቨርኖን ታትልን ያገኙት በዚያ ነው። በፊልሙ ላይ፣ በታኅሣሥ ብርድ አንድ ወጣት የቡድን ጓደኛቸው ኳሱን ለተቃራኒ ቡድን ወርውሮ ሲወጣ፣ ሚስተር ታትል ከማሞቂያው አጠገብ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁለት፤ ራሳቸው በረዶው ላይ ቁጢጥ ብለው ሲያነጋግሩት ቆዩ።

ሚስተር ስትራውስ ምርጫውን ሲሰሙ፣ «ዋልት፣ ወርዋሪ አምጣ ብዬ ላክሁህ፤ አንተ ሞግዚት ይዘህልኝ መጣህ» አሏቸው።

«ወርዋሪውንማ በሚያዝያ አምጥቼልሃለሁ» አሉ ዋልተር። «ይሄኛው እንዳይሰበርብህ ነው።»

ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ስታዲየሙ የፔቲን ስም እየጠራ ይጮህ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ቁጥር አነሰ። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ቋሊማ እየጠቀለለ ልጁ መቼ እንደሚገባ ይጠይቃቸው ነበር፤ ፊቱ የሚቆሙለት አምስት ሰዎች ሲኖሩት ነው ብለው ቋሊማቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ጄሮም ራሱ ቢሯቸው ድረስ መጥቶ፣ ከነሕይወቴ እየቀበሩኝ ነው ብሏቸዋል። ዋልተር አልተቆጡም፤ ሐሳባቸውንም አልለወጡም።

ኅዳር 15 ቀን የሚስተር ታትል የመወርወሪያ ትከሻ ተሰበረ። ዳግመኛ አልተጫወቱም። ዋልተር በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ቀድመው የተናገሩት በሽተኛው ናቸው።

«ለዚሁ አይደል እንዴ የጠራኸኝ፣ ዋልት? እኔም አውቄ ነው የመጣሁት። አሁን ልጁን አስገብተህ መሰበሬን ከንቱ እንዳታደርገው።»

በማግስቱ ሚስተር ስትራውስ ፔቲ እንዲገባ አዘዙ። ዋልተር፣ «እኔ እያለሁ አይገባም» ብለው መለሱ፤ አሠልጣኙም ከእሳቸው ጎን ቆሙ። ተጠባባቂ በነበረው ሦስተኛ ኳርተርባክ የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፉ። የዓመቱ ውጤት ሦስት ድልና አሥራ ሦስት ሽንፈት ሆነ። ታኅሣሥ 28 ቀን ዋልተር ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከዚያ በኋላ የጠራቸው ቡድን የለም። ወደ ማስተማሩ ተመልሰው በ2011 ጡረታ ወጡ።

አምስቱ ሰዎች በተከታዩ ዓመት ተገኙ። ጄሮም ፔቲ ከዚያ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሲጫወት አንድም ቀን በቃሬዛ አልወጣም። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢገባም ያው ነበር የሚሉ አሉ። ጄሮም ራሱ እንዲያ ይላል፤ እዚህ እንዲጻፍለትም ጠይቋል። ሊሆን ይችላል። ዋልተር ይህን አላወቁም፤ ማንም አያውቅም። የሚሰበር ትከሻ እንዳለ ግን ያውቁ ነበር፤ የማን እንደሚሆንም እሳቸው መርጠዋል። ይህንን አንድም ቀን አልካዱም። በየዓመቱ በኅዳር ሚስተር ታትል እስከሚኖሩበት እስከ ኢንዲያና ድረስ እየነዱ ይጠይቋቸው ነበር።

በ2017 የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ባለፈው መስከረም አንድ ጋዜጠኛ ቤታቸው መጥቶ ይጸጸቱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው አንሥተው፣ «ልጁ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመቱ ቢሆን፣ ዛሬም አላስገባውም» አሉ። ጋዜጠኛው ይህን አላወጣውም።

ዋልተር ዱዴክ የካቲት 6 ቀን 2019 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ያድቪጋን ትተዋል። ቡድኑ ለሥርዓቱ ዓርማውን ልላክ ብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ አመስግኖ አልተቀበለም። ከቀብሩ በኋላ በአዳራሹ ምሳ ስለተዘጋጀ፣ ያኔ ሰላም ያላሏቸውም ቢሆኑ ገብተው ይቅመሱ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ። ስለዚያ ዓመት ቢጠይቃቸው መልሳቸውን ያውቀዋል፤ አልለወጡትም።