እማዬ ላንቺ ያለችው ቃል

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሽብሬ፤

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ጋሼ ሸዋንግዛውስ እንደምን ናቸው? ልጆቻችሁስ? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይስ እንደባሰበት ነው? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። መቱ ዝናቡ ገብቷል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጁ ጭቃው አፋፍ ላይ አውርዶኝ የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ።

በስልክ ‘ድምፅሽ ምን ሆነ?’ እያልሽ ስትጠይቂኝ ‘ጉንፋን ነው’ እልሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም። ከመስከረም ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምግቡም አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ተማሪዬ ደብተሯን ረስታ ብትመጣ እስክታለቅስ ጮኽኩባት፤ ወዲያው ወደ ሰሌዳው ዞሬ እኔም አለቀስኩ። አብራኝ የምታስተምረው በምነት በበሩ ስታልፍ አየችኝና ‘ይህ ድካም አይደለም፤ የሚረዳሽ ሰው ፈልጊ’ አለችኝ።

ፈለግኩ። ስለ ደስታ የሚያሠለጥን ሰው መጥቷል ሲባል መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድኩ። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆመን ‘ጥሩ ሰው ነኝ፣ ደስተኛ ነኝ’ እንድንል አዘዘን። ሦስት ቀን ሞከርኩት፤ በአራተኛው ‘ጥሩ ሰው’ የሚለው ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ቀጥሎ ያገኘሁት ሌላ ባለሙያ ደግሞ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሸኘኝ። በመጨረሻ በምነት ጎሬ ላይ ገለኔ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳለች አጣርታ ነገረችኝ። የተማረችውን አዎንታዊ ሥነ ልቦና ይሉታል፤ ሰው የታመመበትን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ የቆመበትንም ይጠይቃል። ቅዳሜ በሚኒባስ ወጣሁ። ገና ሳልቀመጥ ‘መስታወት ፊት የምታቆሚኝ ከሆነ እመለሳለሁ’ ብላት ሳቀች። ‘ነይ ቁጭ በይ፣ ኦቦሌቲኮ’ አለችኝ፤ ‘እህቴ’ ማለቷ ነው። ይህን ቃል ስሰማ ነው እንባዬ የመጣው።

ለእሷ የነገርኳትን አሁን ለአንቺ እነግርሻለሁ። እማዬ ስድስት ሳምንት ታማ ስትተኛ ለምን እንዳልጠራሁሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ‘አራስ ነሽና እንዳትደነግጪ ብዬ ነው’ አልኩሽ። ጎረቤቱንም ዝም ያሰኘሁት በዚሁ ነው። አንቺም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቅፈሽኝ ‘ለእኔ አስበሽ ነው፣ ምን ይደረግ’ ብለሽ ይቅር አልሽኝ። እታለም፣ አንቺ ይቅር ያልሽው ያላደረግሁትን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ትራስ አስደግፌያት ሳለሁ እማዬ እጄን ያዘች። ‘አባታችሁ ሲሞት ሽብሬን ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቼ ገበያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ትምህርት ሰልችቶኝ ነው የተውኩት እያለች የኖረችው እኔን ለመሸፈን ነው። ይቅርታዋን በጆሮዬ ልስማ፤ ደውይልኝ’ አለችኝ። ‘ኔትወርክ የለም’ አልኳት። በማግስቱም የለም አልኳት። አንቺ ስትደውይ ደግሞ ‘ተኝታለች’ አልኩሽ። ኔትወርኩ ነበር፤ እማዬም ነቅታ ነበር። የማገላብጣት እኔ፣ የምትጠራው አንቺን፤ ይህ አንገበገበኝ። ከዚያም የባሰው፣ እኔ አስተማሪ የሆንኩት አንቺ ደብተርሽን ጥለሽ መሆኑን ሁለታችሁ ስታነሱት መስማት ፈራሁ። ነገ አገናኛቸዋለሁ ስል ስል እሑድ ማለዳ አረፈች። ይቅርታሽን ሳትሰማ ነው የሄደችው፤ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

ገለኔ ‘አይዞሽ፣ ጥፋት የለብሽም’ ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችኝም። ‘አጥፍተሻል’ አለችኝ፤ ‘እኔ በላዩ ቀለም አልቀባበትም’። ቀጥላ ግን በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ለእናቴ ያደረግሁላትን ጠየቀችኝ። ‘ምንም’ አልኩ። ብዕሯን አነሳች። እግሯን በሞቀ ውኃ ማጠቤን፣ አጥሚት በማንኪያ ማጉረሴን፣ ዳዊት ማንበቤን እየተንተባተብኩ ስነግራት ጻፈችው። ተናድጄ ‘አትጻፊው፣ አይገባኝም’ አልኳት። ‘ያጠፋሽውም አንቺ ነሽ፣ ያጠብሻትም አንቺ ነሽ። ጥፋቱን የምታነሺው ባጠብሽበት እጅ ነው’ አለችኝ።

በአምስተኛው ጊዜ፣ በሕይወትሽ በቅጡ ላላመሰገንሽው ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጻፊ፣ ሄደሽም ፊት ለፊት አንብቢለት አለችኝ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እየጻፍኩ ቀደድኩ። ይህ ጉድ ሳይወጣ ምስጋናው እሺ አላለኝም።

ሽብሬዬ፣ ደብተሮቼን በጋዜጣ እየለበጥሽ፣ ቅርጫትሽን ተሸክመሽ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ስለሸኘሽኝ አመሰግንሻለሁ። ደወሉ እስኪደወል በሩ ላይ ቆመሽ ታዪ ነበር። እኔን የምታዪ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እኔም በዚያው ዓይነት በር ስገባ ምን ታዪ እንደነበር ይገባኛል።

ገለኔ አንብቢላት ብትለኝም በፖስታ ልኬዋለሁ። ፊትሽ ቆሜ ባነበው ለቅሶዬ አስጨንቆሽ፣ ልብሽ ሳይፈቅድ ይቅር ትይኛለሽ። አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌሻለሁ። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ይዘጋል፤ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ዝም ካልሽም ቅር አይለኝም። መቆጣት ከፈለግሽ ተቆጪ፤ ለእኔ ብለሽ አትዋጪው።

ጋሼ ሸዋንግዛውን አክብራ እጅ ነሥታለች በይልኝ። ህሊና ፈተናውን እንዴት ሆነች? ጎበዝ በያት። መታሰቢያን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አያቷ አንድም ቀን አላቀፈቻትም፣ እሱም በእኔ ነው። በምነት ባታውቅሽም ሰላም በያት ብላለች።

የበደለችሽ እህትሽ
ሳያት

መቱ፣ ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.