የማንም ያልሆነችው ሰዓት

አዳማ፣ ሚያዝያ 9

ውድ አባባ፣

ስልክዎን እንደዘጉት ነዎት። አክስቴ ቡዜ «ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃ ሲያይ ይውላል፤ ስልኩ ሳጥን ውስጥ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። እሷ ለምትሠራበት ሆቴል አትክልት የሚያመላልሰው ሹፌር ነገ ወደ ላንጋኖ ስለሚሄድ በእሱ እልክልዎታለሁ። ርዝመቱን አይተው እንዳይጥሉት ይቅርታዬን ከፊት አስቀድሜዋለሁ፦ አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርዎት፣ ካልነገርኩዎት አልችልም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍም ምግብም አላሰኘኝም። ታምሜ እንዳይመስልዎት፤ ደስታ ነው። እንደሚያውቁኝ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የካቲት ላይ፣ ከመቂ ወደ ዓለም ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ግራሩ ስር ሃያ አራቱ ሽንኩርት አምራቾች ተሰብስበው ሳለ፣ ተራውን በኳንተም ኮምፒውተር አወጣለሁ ብዬ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ። ሃያ አራት ፓምፕ አለ፣ አንድ ትራንስፎርመር አለ፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከዘጠኝ ፓምፕ በላይ አይሸከምም። ማን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ሲያከፋፍሉ የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ አገሩ ሁሉ አባ ለጋ፣ የውሃው አባት፣ የሚልዎት ለዚህ ነው። እኔ ግን ደብተርዎን ተቀብዬ ሳልጨርሰው፣ በየቀኑ አንዲት ሰዓት ላይ ከስም ይልቅ ሰረዝ አየሁ። ያቺን ሰዓት ማንም አያጠጣባትም። «አባባ በቀን አንድ ሰዓት ሲያባክኑ ኖረዋል» አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። አንዳንዱ ሳቀ። እርስዎ ኳንተም የምትይው ነገር ምንድን ነው ብለው በቅንነት ሲጠይቁኝም «ይሄ ለእርስዎ ይከብዳል» አልኩዎት።

ደብተሩን ከእጄ ወስደው ላፕቶፑ ላይ አስቀመጡት። «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለትዎ ነበር። በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ላንጋኖ ገቡ።

ያን ቀን ያልመለስኩልዎትን ጥያቄ አሁን ልመልስ፣ ከብዶ የነበረው ለእኔ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። አንድ ፓምፕ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ሃያ አራት ሲሆኑ ግን ለአንዲት ሰዓት ብቻ ያለው አማራጭ ከአሥራ ስድስት ሚሊዮን ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ቁጥሩን ልጽፈው ብሞክር ይህ ወረቀት አይበቃም። የለመድነው ኮምፒውተር ይህን ሁሉ በየተራ ነው የሚፈትሸው። ኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው በሌላ ሕግ ነው። ሁለት ፓምፖች አንድ ቦይ ውስጥ ውሃ ሲለቁ አይተው የለም? ሞገዱ አንዱ ጋ ተደራርቦ ከፍ ይላል፣ ሌላው ጋ ተጣፍቶ ውሃው ይተኛል። መሣሪያው ውስጥም መጥፎዎቹ መልሶች እርስ በርስ እንዲጣፉ፣ ጥሩዎቹ እንዲጎሉ ይደረጋል። ሁሉንም በአንዴ ይሞክራል እያሉ የሚያወሩትን አይስሙ፤ እኔም ግራሩ ስር እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ልክ አይደለም።

መሣሪያው ያለው ባሕር ማዶ ነው። እንዳይሳሳት በማይታመን ብርድ ውስጥ ያኖሩታል፣ እንዲያም ሆኖ ገና ይሳሳታል። እኔ ከአዳማ በኢንተርኔት ጥያቄ እልክለታለሁ፣ እሱ መልስ ይልክልኛል። አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅዎትም፦ ለእኛ ሃያ አራት ፓምፕ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕም በቂ ነበር። ያንኑ መልስ ሰጠኝ፣ ያውም ቀድሞ። ቢሮ አብራኝ የምትሠራው ልዩ ይህን አይታ «ባሕር ማዶ ተሻግረሽ የጎረቤትሽን መልስ ይዘሽ መጣሽ» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ቀለደችብኝ።

ታዲያ ምን ያስደስትሻል ይሉኝ ይሆናል። አባባ፣ ሃያ አራቱ ሃያ አራት ሺህ ሲሆን ያስቡት። ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ ያሉት የንፋስ ማማዎች ንፋሱ ሲወርድ ይቆማሉ፣ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይሽከረከራሉ። የትኛው ግድብ ውሃውን መቼ ይልቀቅ፣ የትኛው ከተማ በስንት ሰዓት ይጠብቅ የሚለው የእርስዎ የተራ ደብተር ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው ያደገው። ከመቂ ሽንኩርት ጭነው የሚወጡት አይሱዙዎችስ? ግማሾቹ ባዶ ተመልሰው፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ በር ላይ ተሰልፈው ሽንኩርቱ የሚበሰብሰው መንገዱን አስልቶ የሚያከፋፍል ስለሌለ ነው። ማዳበሪያም አለ። ፋብሪካዎቹ ዩሪያ ለመሥራት ስንት ጋዝ እንደሚያቃጥሉ ቢያውቁ ይገረማሉ። እኛ እግር ስር የበቀለችው ባቄላ ሥር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ያንኑ ሥራ ያለ እሳት ይሠሩታል። እንዴት እንደሚሠሩት ለማስላት የዛሬ ኮምፒውተሮች አቅም አጥሯቸዋል፤ ኬሚስቶቹ ተስፋ ያደረጉት ይህንን መሣሪያ ነው። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም፣ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም። ግን ሳስበው ከወንበሬ ያስነሳኛል።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። ይህ መሣሪያ ሲጎለምስ ባንኮችና ቢሮዎች ምስጢራቸውን የሚቆልፉበትን የዛሬ ቁልፍ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ አገሮች ቁልፋቸውን ከአሁኑ መቀየር ጀምረዋል፣ ምክንያቱም ዛሬ የተቆለፈውን ሰርቆ አስቀምጦ፣ መሣሪያው ሲደርስ ሊከፍት የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ልዩ «አባትሽ ስልክ ዘግተው ወረቀት ማስጻፋቸው ከሁላችንም ቀድመው ቢነቁ ነው» አለችኝ።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ የእኔ ተራ ሦስት ሳምንት ሠራ። ሰረዝዎን ሁሉ በስም ሞልቼ ነበር፣ አንዲት ደቂቃ አትባክንም። እየተንጎራደድኩ ነበር የምሄደው። ከዚያ መጋቢት ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት የወይዘሮ መሰለች ባል አረፉ። እንዴት እንደነበር አክስቴ ነግራዎት ይሆናል። ሰው ሁሉ ፓምፑን ዘግቶ ቀብር ወጣ፣ እኔም ከአዳማ ደረስኩ። ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የአሥራ አንድ ሰው ተራ አልፏል። ያለፈውን ተራ የት እናድርሰው? በእኔ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ የለም። ሁሉም ማሳው አሳዘነውና ከፈተ። ማንንም አልወቅስም፣ እኔም ማሳ ቢኖረኝ እከፍት ነበር። ትራንስፎርመሩ ፈነዳ።

ስድስት ቀን ያለ ውሃ ቆየን። የአብዱናሲር ሽንኩርት፣ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው፣ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ከጫፉ ቢጫ ሆነ። አብዱናሲር አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣

«ቦንቱ፣ ባዶዋን ምን አደረግሻት?» አለኝ።

«የቷን ባዶ?»

«ኦቦ ጫምሳ የሚተዉዋትን ነዋ። ለቅሶ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ፣ የአንዱ ፓምፕ ሲበላሽ ያለፈውን ተራ የሚከፍሉት ከእሷ ነው። ባዶዋ እያለች ማን ይሻማል?»

ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተርዎን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘሉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ላይ «መጠባበቂያ ኃይል» የሚባል ትምህርት ነበረን። የትኛውም የኤሌክትሪክ መረብ አቅሙን ሁሉ አሟጦ አይሠራም፣ ድንገት ለሚመጣ ነገር ሁልጊዜ የማይነካ ድርሻ ይቀመጣል። ፈተናውን ኤ ነው ያገኘሁት። ያንኑ ነገር በአባቴ የእጅ ጽሑፍ ሳየው ግን ብክነት ብዬ ጠራሁት። ያ ነው ያመመኝ፣ አባባ። አለማወቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የማውቀውን ነገር ከእርስዎ አልጠበቅኩትም።

እንዳይረሱት፣ ይህን ትምህርት የመረጥኩት በእርስዎ ምክንያት ነው። ነግሬዎት አላውቅም። ያኔ ፓምፖቹ በናፍጣ ሲሠሩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቦዩ ዳር አቁመው ዐይኔን ያስጨፍኑኝና «ስንቱ ነው የሚሠራው?» ይሉኝ ነበር። እኔ አራት ስል እርስዎ «አምስት፤ አንዱ ታሟል፣ ስሚው» ይላሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሞተር ስሰማ ዐይኔ ይጨፈናል።

አሁን ወደ ደስታዬ። ደብተርዎን ገጽ በገጽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት፣ ልዩ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ። ከዚያ አንድ ሺህ የተበላሹ ቀኖች ፈጠርን፦ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የፓምፕ ብልሽት። የእኔ ጥቅጥቅ ያለ ተራ ከሺሁ ቀን በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ወደቀ። ባዶ ሰዓት ጨመርኩበትና በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አኖርኳት፤ ሰማንያ ሰባት ቀን ወደቀ። ከዚያ ባዶዋን እርስዎ ደብተሩ ላይ ባስቀመጧት ቦታ አደረግኋት፣ አንዱን ሳምንት ሰኞ አራት ሰዓት፣ ማክሰኞ ዘጠኝ፣ በሌላው ሳምንት ሌላ፣ እንዲያ እየዞረች። ዘጠኝ ቀን ብቻ። ልዩ «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። አሁንም ዘጠኝ።

ለምን ትዞራለች? አላውቅም። ልዩ «የገበያ ቀን ነው» አለች፣ አይደለም። አብዱናሲር ንፋሱ ነው አለ፣ የንፋሱን መዝገብ አምጥቼ አየሁት፣ እሱም አይደለም። እርስዎ ምክንያቱን አንድም ቦታ አልጻፉትም።

በኢንተርኔት ለምሰበሰብበት የጥናት ቡድን ውጤቱን ላክሁላቸው። ከናይሮቢም ከባንጋሎርም ሰዎች አሉበት። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጠይቃቸው፣ ያን ቀን ግን እነሱ ሲጠይቁኝ ዋሉ። በሚቀጥለው ወር የኃይል ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎችና ኩባንያዎች በሚገኙበት ስብሰባ ላይ የመቂው ጥያቄ ይቅረብ አሉ። ትልቁ መሣሪያ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ ከአሁኑ በትክክል መጻፍ አለበት፣ ባዶ ቦታ መተውን ያልተነገረው መሣሪያ ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚሠራው የእኔን ስህተት ነው። ቅጽ ላኩልኝ። «የጥያቄው ባለቤት» የሚል መስመር አለው። ቦንቱ ብዬ ጀምሬ ነበር። ልዩ ደብተርዎን አንስታ ፊቴ አኖረችው። ሰረዝኩና ጫምሳ ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዎ ግን ይጎድለዋል፣ ያለ ፈቃድዎ ደግሞ አንድ ገጽ አልልክም።

አምራቾቹም ቆርጠዋል። አዲሱ ትራንስፎርመር ተተክሏል፣ ተራው ግን ገና ነው፤ በስምምነት ብቻ አምስት አምስት ፓምፕ እየከፈቱ ነው፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ብዙ አይታገስም። ቅዳሜ ግራሩ ስር ይሰበሰባሉ። ማናሴ፣ ሊቀመንበሩ፣ ቁርጡን ነገረኝ፦ «ኦቦ ጫምሳ ከሌሉ የመሣሪያሽን ወረቀት አንቀበልም። ካሉ ግን ሁለታችሁም የምትሉትን እንሰማለን።» እኔ እርስዎን የምፈልግዎት ግን ለወረቀቱ ብቻ አይደለም። ሰው የሳቀብዎት እዚያ ግራር ስር ስለሆነ፣ አጠፋሁ የምለውም እዚያው፣ የሳቀው ሁሉ እየሰማኝ ነው።

ከላንጋኖ ጠዋት የሚነሳው መኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መቂ ያደርስዎታል፣ እኔ መናኸሪያው በር ላይ ነኝ። አዲሱን የተራ ወረቀት አውጥቻለሁ፣ የቅዳሜዋን ባዶ ግን የት እንደማደርጋት ጨነቀኝ፤ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ በአርብ ነው ያለቀው። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ አደረግኋት፣ እርስዎ ግራሩ ስር በሚደርሱበት ሰዓት። አብዱናሲር ወረቀቱን አይቶ «ይቺስ የማን ናት?» አለኝ። «የማንም አይደለችም» አልኩት፣ «እስኪመጡ ማንም አይነካትም።»

ቶሌዎን የምትጠብቅ፣

ልጅዎ ቦንቱ ጫምሳ