የጋሽ ዘርጋ አሳዎች

መስከረም 6 ቀን 2004፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ከማንም በፊት የበሉት አሳዎቹ ናቸው። እኔ ሻይ እንኳ አልቀመስኩም። ከፍሪዘር አንድ ኩብ በረዶ አወጣሁ። ውስጡ ያለው ጥፍር የማያክል ሽሪምፕ፣ ትል መሳይ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ዱባይ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ቡታጅራ የሚበላ። ከገንዳው በቀዳሁት የጨው ውሃ አቀለጥኩት። በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት፤ የቀለጠበት ውሃ ከገባ ገንዳው ይበላሻል። ፓምፑን አጠፋሁ። መጀመሪያ አሳዎቹ። ቀጥሎ ኮራሎቹ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ አፍ አፋቸው ላይ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፣ ይበላል። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሳስረዳ ምላሴ ደረቀ።

የባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፣ ማስታወሻዬ። አንተ ታስታውሳለህ፣ ሌላው ረስቶታል። አብረውኝ የተመረቁት ወልቂጤ ኮብልስቶን ይጠርባሉ። ዕድለኛዋ አንቺ ነሽ ይሉኛል። ጋሽ ዘርጋ ዱባይ ሆቴል ውስጥ የአሳ ገንዳ አይቶ ቀናና እዚህ የራሱ ሆቴል አዳራሽ መሐል አስተከለ። ለገንዳው ሰው ያስፈልጋል ተባለ፣ እኔ ተገኘሁ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። አንተ ጋ ስመጣ አንቱታው ይቅር።

መስከረም 8፣ ከሰዓት

ወጥ ቤት ጦርነት። ሁለት ፍሪዘር አለ፣ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ። እትዬ አስካለ፣ የክርስቲያኑ ወጥ ሠሪ፣ ይሄን ትል ከሥጋዬ ጋር አላሳድርም አሉ። ወደ ሙስሊሙ ወጥ ሠሪ ወደ ከድጃ ዞርኩ። እሷም በላኢላሀ ኢለላህ ጀምራ ያንኑ ደገመችው። በጨው ልክ እንኳ የማይስማሙት ሁለቱ በኔ ሽሪምፕ ተስማሙ። ስመለስ ካርቶኑ ውጭ ተቀምጦ ግማሹ ቀልጧል። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ ቢቀዘቅዝ ይመርዛቸዋል። ጣልኩት። የተረፈውን የመጠጥ ፍሪጁ የላይኛው ክፍል ውስጥ ከበረዶው ሥር ቀበርኩት። ሥ/አስኪያጁ ኤልያስ ደግሞ ዊስኪው አሳ አሳ ይሸታል ብሎ ጀመረኝ። ደከመኝ።

መስከረም 12፣ ምሽት

ጥሩ ቀን። ቡናማዋ ኮራል፣ እሜቴ የምላት፣ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተከፈተች። ምግቡን ስትይዝ አትቸኩልም። ሳብ ታደርገዋለች፣ ታስባለች፣ ትውጣለች። ሳያት ስቄ ቀረሁ። ይህን ሥራ እጠላዋለሁ ስል ኖሬ ወድጄዋለሁ መሰለኝ። ከእጄ ከወጣ ደግሞ ሌላ የለኝም። እንሴኖ እናቴ ቤት ገብቼ በርበሬ መቀንጠስ ነው። አስተማርኳት እያለች ለገበያው ሁሉ የምትኮራዋ እናቴ ቤት።

መስከረም 18፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

መስቀል ትናንት ረቡዕ፣ በጾም ቀን ስለዋለ የሆቴሉ ክትፎ ለዛሬ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ከአዲስ አበባ የመጡ ነጋዴ ጓደኞቹን ይዞ ገባ። ገንዳው ፊት ተቀመጡ። አሳዎቹን ስቀልብ አየ። ይሄ ምን ምግብ ነው፣ በረዶ፣ ቤቴ መጥቶ በመስቀል ክትፎ ያልቀመሰ እንግዳ የለም አለ። ክትፎውን በጣቱ ጠቅልሎ ተነሣ። ጋሼ ይጎዳቸዋል አልኩ። ልጅቷ አሳዎቼ ላይ ክትፎ ቆጠበችባቸው አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው። ገንዳው ውስጥ እየጣለ አሳዎቹን አጎረሳቸው። አንድ ሁለቴ አይደለም። ጓደኞቹም ተነሥተው አጎረሱ። ቅቤው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አስካለ ከወጥ ቤት በር ላይ እልል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ባልዲ ይዤ መጣሁ። ኤልያስ ክንዴን ያዘኝ። በእንግዳ ፊት ባልዲ አይያዝም፣ ጋሼን ታሳፍሪያለሽ አለ። ነገ ጠዋት ታጸጃለሽ፣ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። ለምን ሄድኩ?

መስከረም 19፣ ጠዋት

ውሃው ወተት መስሏል። ይሸታል። ሁለቱ ብርቱካንማ፣ ባለ ነጭ መቀነት አሳዎች ተገልብጠዋል። ቢጫው ላይ ላዩን አየር ይጎርሳል። ቅቤውን በሶፍት ጠረግኩ። ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ያለኝ አንድ በርሜል ብቻ፤ ቀየርኩ፣ አልበቃም። እሜቴ ተኮማትራ ልሐጭ ጥላለች። ሲሪንጁን አስጠጋሁላት። አልከፈተችም።

መስከረም 21

ሁሉም አለቁ። እሜቴ ነጭ ሆናለች፣ አጥንት ብቻ። አለቀስኩ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ። ለድንጋይ አለቀሰች እንዳይሉኝ።

ማንም ክትፎ የሚል ቃል አይወጣውም። አሳዎቹ ምን ሆኑ ይላል እንግዳው። ሁሉም ወደኔ ያያል። ያጨበጨቡት ናቸው እኮ።

መስከረም 23፣ ምሽት

ግምገማ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ከወረዳ ሰዎች የተማረው ነው፤ መጀመሪያ ሂስ፣ ቀጥሎ ግለ ሂስ። ከስብሰባው በፊት ኤልያስ ጠራኝ። ጥፋቴ ነው ካልሽ በማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ ሥራሽም አይነካም፣ ጋሼ ውለታ አይረሳም አለ። አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር።

አስካለ ተነሥተው ልጅቷ ሥራዋን ትንቃለች አሉ። ከድጃን አየኋት። የዚያን ቀን ከአስካለ ጎን በሩ ላይ ነበረች። ወላሂ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ አላየሁም አለች። አይኗን ግን መሬት ላይ ተከለች።

ተነሣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ውሃውን በጊዜ አልቀየርኩም አልኩ። ያለቀ መስሎኝ ልቀመጥ ስል ጋሽ ዘርጋ ጉሮሮውን ጠረገ። "ክትፎውስ?" አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ አባት። "ክትፎውንም አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው አይደል?"

ይህን የሚጠይቁት ማን እንዲሰማ ነው አልኩ በሆዴ። ሁላችንም አይተናል። ከሁላችን መሐል እንዲወጣለት የፈለገው ከኔ አፍ ነው።

አዎ አልኩ።

ፈገግ አለ። ልጅ ነች፣ እንለፋት አለ። አዲስ አሳ ታዟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፣ የምቀልበው እኔው ነኝ። ክትፎ እንዳታስለምጂያቸው ብሎ ቀለደ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ስጽፍልህ ያፈርኩት ከሁሉ በላይ በሳቄ ነው።

መስከረም 27፣ እንሴኖ

እናቴ ጋ መጣሁ። ወሬው ቀድሞኛል። በርበሬ ገበያ ላይ ነግረዋታል፤ ያንቺ ልጅ ናት አሉ ለአሳ ክትፎ አብልታ የጨረሰቻቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው እንዴ የሚያስተምረው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ምሳ አቀረበችና ቁጭ ብላ ታየኝ ጀመር።

ነገርኳት። ከጉርሻው እስከ ግምገማው፣ ሁሉንም። ታምነኛለች ብዬ ነበር። አመነችኝም። ግን፣ "አንቺው ራስሽ አዎ ካልሽ፣ እኔ ገበያ ላይ በማን ቃል ልከራከርልሽ ልጄ?" አለችኝ።

እዚያው አደርኩ።

መስከረም 28፣ እሁድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ወደ ቡታጅራ እመለሳለሁ። እሁድ አዳራሹ ይሞላል፣ ጋሽ ዘርጋም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እዚያው ነው የሚቀመጠው። አልጮህም። የፓምፑን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ከዚያ ሰው እየሰማ፣ ጋሼ፣ ክትፎውን ያጎረሷቸው እርስዎ ነዎት እላለሁ። አስካለ አይደግፉኝም። ከድጃም። ኤልያስ በክንዴ ይዞ ያወጣኛል። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም፣ በርበሬ ነው።

ይሁን። እናቴ ገበያ ላይ የምትለው ነገር ይኖራታል።

መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነው፣ ልውጣ።